ስለ ገመዱ ያልተነገረው

«ገመዱን የት ላይ ነው የምታስሪው?» አለ አናጢው።

«ቁርጭምጭሚት ላይ። ከፍ ካለ ያየዋል።» ልብስ ሰፊዋ ከኪሷ ጥቁር ክር አውጥታ፣ ካርቶን ላይ በእርሳስ በተሳለው ዋሻ አፍ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ዘረጋችው። «ከገመዱ ወዲህ ላምባ አፈሳለሁ። ጭራቁ ሲገባ ገመዱ ይጥለዋል፣ ላምባው ያንሸራትተዋል። ከዚያ ችቦ።»

«አቤት! ካንቺ ጋር የተጣላ አለቀለት» አለ ሾፌሩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሲሆን አናጢው መጋዙን ከጠረጴዛው አንስቶ፣ ሰጋቱራውን በክንዱ ጠርጎ ልብስ ሰፊዋንና ሾፌሩን ይህን የምናብ ጨዋታ ያጫውታቸዋል። እሱ ዋሻውንና ጭራቁን ይተርካል፤ እነሱ እዚያ ዓለም ውስጥ እንዳለ ሰው ሆነው የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ መሳካት አለመሳካቱን ዳይስ ይቆርጠዋል። ካርቶኑ ላይ እያንዳንዳቸውን የሚወክለው እሷ ከሱቋ ያመጣችው የልብስ ቁልፍ ነው። የእሷ ቀይ ነው።

ሁለቱ ወንዶች ሲስቁ እሷም ከንፈሯን ሳብ አደረገች። ታናሽ ወንድሟ ከተቀበረ ወዲህ እንዲህ ናት። ሲስቁ ትስቃለች፣ ሲሰጧት ትበላለች፣ ሱቋ ገብታም እንደ ወትሮዋ ‹ኮሌታ አምጡ› ትላለች። ሰው ሁሉ ጠንካራ ናት እያለ አደነቃት። ጥንካሬ አልነበረም። ጥርስ ሐኪም እንዳደነዘዘው ድድ፣ ስትነካው ያንተ መሆኑን ታውቃለህ እንጂ ምንም አይሰማህም።

«እሺ፣ ስለ ወጥመዱ ማን ማን ያውቃል?» አለ አናጢው።

ይህ የጠረጴዛቸው ሕግ ነው። ወጥመድ የሠራ ሰው ለባልንጀሮቹ አንድ በአንድ መንገር አለበት፤ ያልተነገረውን ወጥመዱ ይይዘዋል። ሕጉ የወጣው በሾፌሩ ምክንያት ነው፤ አንድ ጊዜ በጨዋታው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ በቅጠል ሸፍኖ፣ ለማንም ሳይናገር ተኝቶ የገዛ ጓደኞቹን ፈጃቸው።

«እኔ አውቃለሁ፤ አሁን እንኳን ተምሬያለሁ» አለ ሾፌሩ እጁን አውጥቶ።

«የተኛውስ? ማን ይነግረዋል?» አለ አናጢው በልማድ፤ ወዲያው ምላሱን ነከሰ።

ከዋሻው ጓዳ አንድ ነጭ ቁልፍ ነበር። የወንድሟ ነው። ጨዋታ የቀረ ሰው እዚያ ተኝቷል ይባላል። ከታመመ ጀምሮ እንደተኛ ነው፤ ከሞተ በኋላም ቁልፉን ለማንሳት የደፈረ የለም።

«ተወው ባክህ፣ እንለፈው» አለ ሾፌሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እኔ እነግረዋለሁ» አለች።

ወደ ነጩ ቁልፍ ጎንበስ አለች። «ተነስ። አንተ! ስማኝ፣ በሩ ላይ ገመድና ላምባ አለ። ግድግዳው ሥር ደረቅ ነው፤ እሱን ተጠግተህ ሂድና ገመዱን ከፍ ብለህ ተሻገር። ደግሞ እንደ ልማድህ እየሮጥክ መጥተህ ጉድ እንዳታደርገን።»

በሌለ ሰው ፈንታ መመለስ የአናጢው ሥራ ነው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«‹እሺ› አለሽ።»

«እሺ አይልም» አለች። «እኔን እሺ ብሎኝ አያውቅም።»

«ታዲያ ምን ይላል?»

ምን እንደሚል ታውቃለች። እሷ ያሰረችውን ገመድ አንድም ቀን አምኖ አያውቅም። ወንበሩን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጎ፣ ቃሉን እየጎተተ የሚላት ነገር ነበረው። አፏ ሳያማክራት በእሱ ድምፅ አወጣው።

«አንቺ ቅደሚ።»

ሾፌሩ ድምፁ ቁርጥ ወንድሟን ሲሆንበት ሳቀና፣ ሳቁ መሃል ላይ ቆመ። ኮፍያውን አውልቆ ፊቱ ላይ ደፋው።

ናፈቃት። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ናፈቃት።

ቀዩን ቁልፍ አንስታ ግድግዳውን አስጠግታ ወሰደችው። ክሩን ሳትነካ አሻገረችው።

«ማዶ ጭራቁ አለ እኮ» አለ አናጢው ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ።»

አናጢው ዳይሱን ጨብጦ ቀረ፤ አልጣለውም። እሷ ጣቷን ከቀዩ ላይ ሳታነሳ፣ ከገመዱ ማዶ ሆና ነጩን ቁልፍ ትጠብቀው ጀመር።