ከዶሮዋ ያነሰው ዛፍ

የመምህሩ ጣቶች የመጨረሻው ገጽ ላይ ደርሰው ቆሙ። ዶሮዋን አገኟት፤ ክንፏን፣ ምንቃሯን፣ ዓይኗ ላይ የተሰፋችውን ትንሽ ዶቃ። ከዚያ ወደ ላይ ወጡና ዛፉን ነኩት። ተመልሰው ዶሮዋን ለኩ፤ እንደገና ዛፉን።

እናት አፏን ልትከፍት ስትል ልጇ ሠዓሊዋ በጠረጴዛው ሥር ጉልበቷን ጫን አደረገችው። ስለ ሥዕሎቹ ሳይጠየቁ ትንፍሽ ላይሉ ተማምለው ነው የመጡት። መጽሐፉ ራሱ ካልተናገረ ምን ዋጋ አለው?

ሠዓሊዋ ቤቷ ተቀምጣ በግሏ የምትሠራ ናት። የሳሙና ካርቶን፣ የመድኃኒት ማሸጊያ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የመጣላትን ሁሉ ትሠራለች። ሥራዋ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ተደርድሯል፤ የማን እጅ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም፤ እሷም ሰው ትኩር ብሎ ካያት የምታቀረቅር ዓይናፋር ናት። ይሄኛውን ማንም አላዘዛትም። ለማያዩ ልጆች በእጅ የሚነበብ የጨርቅ መጽሐፍ ልሥራ ብላ ከተነሳች ሁለት ዓመት ሆናት። ልብስ ሰፊ የነበረችው እናቷ መጀመሪያ «ጨርቅ መቀዳደድ» እያለች ታሾፍባት ነበር። አንድ ቀን ግን የተንሻፈፈ ስፌት አይታ ማለፍ አቃታትና መርፌውን ከእጇ ነጠቀቻት። ከዚያ ወዲህ ሥራው የሁለቱ ሆነ።

መምህሩ ከተወለደ ጀምሮ አያይም። ወደ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የሚገባ መጽሐፍ ሁሉ መጀመሪያ በእሱ እጅ ያልፋል፤ ለሰው ፊት ብሎ የሚያሳልፈው ነገር እንደሌለ በር ላይ ያገኙት ሁሉ ነግሯቸዋል። ሆኖም እስካሁን ያሉትን ሰባት ገጾች በደስታ ነበር ያገላበጣቸው። የዝናቡን ጠብታዎች ሲነካ እንዲያውም እንደበረደው ሰው እጁን ሰብስቦ ስቋል።

«ይሄ ዛፍ ነው አይደል?» አለ አሁን።

«ነው» አለች ሠዓሊዋ።

«ታዲያ ከዶሮዋ ያነሰው ለምንድን ነው?»

ራቅ ብሎ ስለቆመ እንደሆነ አስረዳችው። ዶሮዋ ደጃፉ ላይ ናት፤ ዛፉ ከቤቱ ጀርባ፣ ከሜዳው ማዶ። ስታስረዳ ደረቷ ነፋ ብሎ ነበር፤ ከሁሉም ገጽ አብልጣ የምትወደው ይሄን ነው።

መምህሩ ፈገግ አለ፤ ፌዝ አልነበረበትም።

«እህቴ፣ እኔ ዛፍ ጋ ካልደረስኩ ዛፉ የለም። ስደርስ ደግሞ ከእኔ ይበልጣል። ከዶሮ ያነሰ ዛፍ ገጥሞኝ አያውቅም።»

የሠዓሊዋ ጆሮ ጋለ። ደንበኞቿ ስንት ጊዜ «ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ» እያሉ አመላልሰዋታል፤ ያኔ ጥርሷን ነክሳ ታስተካክልና ትረሳዋለች። ይሄኛው ግን አጥንቷ ድረስ ዘለቀ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኗን ጨፍና በዳበሳ የሠራች መስሏት ነበር፤ ለካ ያን ሁሉ ጊዜ በዓይኗ ኖሯል የሠራችው።

ደወል ተደወለ። መምህሩ ክፍል መግባት ነበረበት። መጽሐፉ ጥሩ መሆኑን፣ ያቺ አንድ ገጽ ብትነሳ ዛሬውኑ መደርደሪያ ላይ እንደሚያስቀምጠው ነገራቸውና በትሩን አንስቶ ተነሳ።

«ክፍለ ጊዜው ስንት ደቂቃ ነው?» አለች ሠዓሊዋ።

«አርባ።»

«እንግዲያው እዚሁ እንጠብቅዎታለን።»

በሩ ሳይዘጋ እናት ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። መቀስ፣ መርፌ፣ ሦስት ዓይነት ክር። ልጅቷ የዛፉን ስፌት በመቀሱ ጫፍ መፍታት ጀመረች፤ እናቷ በድርብ ክር የሰፋችውን እሷ በእልህ ነበር የምትበጣጥሰው፤ እናትም እያንዳንዷ ክር ስትበጠስ ከንፈሯን ትመጥጥ ነበር። ትርፍ ጨርቅ አልያዙም። ሠዓሊዋ ዙሪያዋን አየችና መጽሐፉ ተጠቅልሎበት የመጣውን አሮጌ ቡናማ ፎጣ አነሳች። በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። ሻካራ ነው፤ ልክ እንደ ግንድ ቅርፊት።

«ፎጣዬን» አለች እናት፣ ግን መቀሱን ከጠረጴዛው አንስታ አቀበለቻት።

ሠዓሊዋ ፎጣውን ከዳር እስከ ዳር በቁመቱ ቀደደችው።

«በልኩ ቁረጪው እንጂ፤ ከገጹ ይወጣል እኮ።»

«ይውጣ።»

እናት ቀና ብላ አየቻት።

«ይውጣ እማዬ። ዛፉ ትልቅ ነው።»

እናት መርፌዋን ክር አጉርሳ ሥሩን ከገጹ ግርጌ፣ ከዶሮዋ እግር አጠገብ ትሰፋ ጀመር። ልጅቷ የአሮጌውን ዛፍ ቅጠሎች አንድ በአንድ ነቅላ በፎጣው ሌላኛው ጫፍ፣ ሦስት ክንድ ርቀት ላይ ተከለቻቸው። የተረፈውን ግንድ አጣጥፈው ገጹ ውስጥ ሸጎጡት። እናት የመጨረሻውን ክር በጥርሷ ስትበጥስ ደወሉ ተደወለ።

መምህሩ ተመልሶ ተቀመጠ። ዶሮዋን አገኛት። ከአጠገቧ ሥሩን አገኘና ሻካራውን ግንድ በመዳፉ አሸው። ጣቶቹ ወደ ላይ ወጡ፤ የገጹ ጠርዝ ላይ ደርሰው እንደ ልማዳቸው ሊመለሱ አሉ። ዛፉ ግን አላለቀም። መምህሩ ፊቱን ቀና አደረገ። አንድ እጥፋት ዘረጋ፣ ሌላም፣ ሦስተኛም። ከዚያ ወንበሩን በእግሩ ወደ ኋላ ገፍቶ ቆመ፤ ግንዱን ይዞ ክንዱን ሽቅብ አነሳ፣ ከትከሻው በላይ፣ ከራሱም በላይ፣ በእግሩ ጣቶች እስኪቆም ድረስ። የጨርቅ ቅጠሎቹ እጅጌው ላይ ተንጠለጠሉ።

እናት ዛፉን አላየችም። የምታየው ልጇን ነበር። ሠዓሊዋም፣ ሰው ሲያያት አንገቷን መስበር የሚቀናት ያቺ ሴት፣ ዓይኗን አልሰበረችም።