የዳርጌ ደም

በ1977 ዓ.ም. ዳርጌ በታይፎይድ ታሞ ጂንካ ጤና ጣቢያ ከተኛ ሁለተኛ ሳምንቱን ያዘ። ትኩሳቱ አልበርድ አለ። ዕድሜው ለብሔራዊ ውትድርና የደረሰ ነበር፤ እኩዮቹ በወታደር ኦራል መኪና ሲጫኑ እሱ ከአልጋው ቀና ማለት አቅቶት ቀረ።

እናቱ ጥሩዬ ከአጠገቡ አትጠፋም። ታገላብጠዋለች፣ ታጎርሰዋለች፣ አፉን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግለታለች።

የላቦራቶሪው ሠራተኛ ወንድይፍራው ነገሩ ግራ ገባው። ክሎራምፌኒኮል የታዘዘለት ሰው እስካሁን ሊሻለው ይገባ ነበር። መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ መግባቱን ለማየት ከክንዱ ደም ቀዳ። በማሽን አሽከርክሮ ከላይ የቀረውን ቢጫ ውሃ፣ ፕላዝማውን፣ ለየ። ትንሽ ክብ ወረቀት ነከረበትና ባክቴሪያ የዘራበት ሳህን ላይ አኖረው። ከጎኑ፣ ከዚያው ከዳርጌ መድኃኒት ብልቃጥ አንድ እንክብል አሟሙቶ ሌላ ወረቀት አስቀመጠ። መድኃኒት ካለ ባክቴሪያው አይበቅልም፤ በወረቀቱ ዙሪያ ጥርት ያለ ቀለበት ይቀራል።

በማግስቱ የእንክብሉ ወረቀት ሰፊ ቀለበት ሠርቶ አገኘው። በዳርጌ ፕላዝማ ዙሪያ ግን ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጠርዝ በቅሏል።

መድኃኒት የሚያድለው ድሬሰር ኤርሳዶ ተጠራ።

«በገዛ እጄ ነው አፉ ውስጥ የማደርግለት» አለ። «ጌታ ምስክሬ ነው!»

«ታዲያ የት ሄደ? ቱርሚ ገበያ ተሸጠ?» አለው ወንድይፍራው።

ጥሩዬ ደረቷን እየደቃች ተነሳች። «ባዶ ውሃ ነው የሚያጠጣው! እንክብል የሚባል በዓይኔ አላየሁም። ልጄን ፈጀብኝ!»

ዳርጌ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች ተጠርተው መጡና ኤርሳዶን በሰደፍ እየደበደቡ ከግቢው አወጡት። እርጉዝ ሚስቱ እግራቸው ላይ ወደቀች፤ ገፍትረዋት አለፉ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሣህሌ እስር ቤት አስገብቶ መቀለቡን አልፈለገም። ከቀበሌው ለውትድርና የሚፈለግ አንድ ሰው ጎድሎ ስለነበር በኤርሳዶ ሞላው። ኦራሉ ከሰዓት በኋላ ወደ አርባ ምንጭ ተነሳ።

ከዚያ ወዲያ መድኃኒቱን ወንድይፍራው ራሱ ይሰጥ ጀመር። ዳርጌ አጥንቱ ወጥቷል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ወንድይፍራው እንክብሉን ምላሱ ላይ አድርጎ ውሃ አስጎነጨው።

«አይዞዎት እማማ፣ አሁን ይድናል» ብሎ ወጣ።

ጥሩዬ ኮቴው እስኪርቅ ጠበቀች። ከዚያ መዳፏን ከልጇ አገጭ ሥር ዘረጋች።

«ትፋው ልጄ፤ ሰኞ ሌላ ኦራል ይመጣል።»