አንዴ ብቻ

ሽማግሌዎቹ ሚስትየዋን ጥላ ወደወጣችው ቤት ጠርተው ከባሏ ሊያስታርቋት ተቀምጠዋል።

«አንዴ ብቻ ነው የመታኋት» አለ ባሏ።

«ቻይው፣ ልጄ። የኔዋ አርባ ዓመት ችላኝ የለ እንዴ?» አሉ ጋሽ ወልደሰንበት፣ ከዘራቸውን ተደግፈው።

እሷ ኬሚስት ናት። የአብሪ ትልን ብርሃን ስታጠና ኖራ፣ ታጥቦ የጠፋ ደም ባገኘ ቁጥር የሚያበራ ፈሳሽ ቀምማለች። መጋረጃውን ዘግታ ሳሎኑ ውስጥ ረጨችው።

ባሏ ጭንቅላቷን ያላተመበት ግድግዳ በራ። ጸጉሯን ይዞ የጎተተበት ወለል እስከ በሩ ድረስ ሰማያዊ ሆነ።

«አንዴ ያልከን ይህን ነው?» አሉት ሌላው ሽማግሌ። «በቃ ልጄ፣ ተመለሽ አንልሽም።»

ጋሽ ወልደሰንበት ፈሳሹ የተፈናጠቀበት ከዘራቸው ከነጫፉ በርቶ፣ ጋቢያቸው ውስጥ ሊሸሽጉት ይታገላሉ።