ሽታው ሲጠፋ

የኬሚስትሪ ተማሪዋ በቤተ ሙከራው ጋዙን ወደ ውጭ የሚስበውን ማራገቢያ ያጠፋችው ጩኸቱ ከጓደኛዋ ጋር አላስወራ ስላላት ነበር። ከብልቃጡ የሚወጣው ጋዝ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይከረፋል፤ ሁለቱም በነጭ ካፖርታቸው እጅጌ አፍንጫቸውን ይዘው ይሳሳቁ ነበር።

«እፎይ፣ ለቀቀን!» አለች ጓደኛዋ ከኋላዋ ወንበር እየሳበች። «ሽታው እኮ ጠፋ።»

እሷም አየር ሳበች፤ እውነትም ምንም አይሸትም። ፈገግ ብላ ወደ ብልቃጡ ጎንበስ ስትል ግን ፈሳሹ እንደ ቅድሙ ይንተከተካል። ያን ጊዜ ክፍሉ በሙሉ የሳቀበት የመምህራቸው ቃል ትዝ አላት፤ «ይሄ መርዘኛ ጋዝ ሲገማ አይዟችሁ። መግማቱን ካቆመ ግን የሞተው አፍንጫችሁ ነውና እግሬ አውጪኝ በሉ!»

«ተነሺ፣ እንውጣ!» ብላ ዞረች። ጓደኛዋ ትምህርት እንደ ሰለቸው ሰው ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታለች። እስክሪብቶዋ ገና ወለሉ ላይ ይንከባለል ነበር።