ያልቀጠነ ቀረፋ

ቀድሪያ ነጌሌ ገበያ ውስጥ የመታሻ ዘይት እየቀመመች ትሸጣለች። የቀረፋ ዘይት ቆዳ ስለሚልጥ፣ በሰሊጥ ዘይት ሳታቀጥን ለማንም ሰጥታ አታውቅም። ወይዘሮ ብዙወርቅ ግን ዛሬም በሰው ፊት አዋረዷት።

"አንቺ ቀጣፊ! ውሃ ነው የምትሸጪው!"

የቀድሪያ ደም ፈላ። "እንግዲያውስ ይሞክሩት፣ እትዬ" ብላ ያልቀጠነውን ዘይት ከብልቃጡ ቀኝ ክንዳቸው ላይ ጠብ አደረገችው።

ሴትዮዋ ንቅንቅ አላሉም። የቀድሪያ ቀኝ ክንድ ግን እሳት እንደነካው ነደደ። ዓይኗን ማመን አቅቷት ግራቸው ላይ ደገመች፤ የራሷ ግራ ክንድ ቀልቶ ተላጠ።

ብዙወርቅ ክንዷን አይተው ፈገግ አሉ። ብልቃጡን ነጠቋትና አንጋጠው ዓይናቸውን በጣታቸው ፈለቀቁ።

"በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይተዉ!"

"ምነው ቀድሪያ? የኔ ዓይን እኮ ነው።"