መታወቂያ የሌለው ሰው

ሞባይል ቡሬ በገባ ሰሞን አቶ አዛናው ልጃቸውን ፋናን ሊድሩ ነበር። ሙሽራው ከሁለት ዓመት ወዲህ በከተማው ተቀጥሮ የሚሠራ የቢሮ ሰው ነው። ትሑት፣ ንጹሕ፣ ጾም የማይሽር። ምን ይወጣለታል!

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። በአገሩ ወግ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይሰጥም፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ። በፋና በኩል ያሉት ሽማግሌዎች ቆጥረው ጨረሱ። ሙሽራው በተራው «ክንዱ፣ ገነነ፣ ዓለምብርሃን» አለና ቆመ።

«ቀጥላ!» አሉት አቶ አዛናው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ። የሙት ልጅ ነኝ፤ ሰው ቤት ነው ያደግሁት። ከአያቴ በላይ የነገረኝ የለም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የጎጃም ልጅ ሆኖ ሦስት ላይ የሚቆም! የፋና እናት ወይዘሮ በለጠች ግን እንባቸው መጣ። «ወይኔ ልጄን! አባት የሌለውን ማን ይንገረው?» አሉ። ሙሽራው ግሽ ዓባይ አንድ አጎት አለኝ ስላለ፣ እሱ መጥቶ እስኪቆጥርለት ሠርጉ ይቆይ ተባለ። ፋና አኮረፈች፤ አባትየውም ልጄን ለማን ልሰጥ ነው እያሉ ተጨነቁ።

እንግዳው የመጣው በዚያው ሳምንት፣ በገበያ ቀን ነው። ከሲታ፣ ጋቢው የነተበ፣ ዓይኑ የማያርፍ። መናኸሪያውን፣ ጠላ ቤቱን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ እየዞረ ይጠይቃል። «ክንዱ ገነነ የሚባል ሰው ታውቃላችሁ? አገሬ የት ነው ይላል? የእናቱንስ ስም ማን ይላል?» የራሱን ስም ሲጠይቁት «ከፊቱ ስቆም እናገራለሁ» ይላል።

አቶ አዛናው ደማቸው ፈላ። የሰው እናት ስም የሚያስስ ወይ መተተኛ ነው ወይ ሌባ።

ክንዱ ይህን ሲሰማ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ሌባ ነው» አለ። «ሥራ እናስቀጥርሃለን ብለው የገጠር ልጅ መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ ይቀበላሉ። ከዚያ ፎቶውን ልጠው የራሳቸውን ይለጥፋሉ። ባለቤቱ በሕይወት እያለ በስሙ ይኖሩበታል። ማንም ምንም እንዳይነግረው!»

«መማር ደጉ!» አሉ ወይዘሮ በለጠች። «እኛማ ይህን በምን እናውቀው! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው።»

በማግስቱ ጎረቤቶች እንግዳውን ከመናኸሪያ እየጎተቱ አቶ አዛናው ግቢ አስገቡት። ሽማግሌዎቹ ግራሩ ሥር ተቀመጡ።

«መታወቂያህን አምጣ!»

«የለኝም። ተወስዶብኛል።»

«አላልኋችሁም?» አለ ክንዱ፣ የራሱን ከኪሱ አውጥቶ ለሽማግሌዎቹ እየሰጠ። የእሱ ስም፣ የአባቱ፣ የአያቱ፣ ፎቶው፣ ማኅተሙ፣ ሁሉም ልክ ነው።

አንዱ ጎረቤት ለፖሊስ እናስረክበው አለ።

«ምን አደከመን?» አለ ክንዱ። «ደሃ ነው፤ ስለ ነፍስ ብለን መኪና ላይ አሳፍረን እንሸኘው።»

የአቶ አዛናው ሆድ ባባ። እንዲህ ያለ ርኅሩኅ አማች ከየት ይገኛል? ፋና በሩ ላይ ቆማ በኩራት ታየዋለች።

ግን አቶ አዛናው የወግ ሰው ናቸው። ሌባም ቢሆን የማን ዘር እንደሆነ ሳይጠይቁ ከደጃቸው አያባርሩም።

«አንተ ሰው» አሉት፣ «ወረቀት ባይኖርህ አጥንት አለህ። በል ቁጠር!»

እንግዳው ጋቢውን አጣፋ። ሙሽራውን አንድ ጊዜ አየውና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

«ክንዱ፣ ገነነ፣ ዓለምብርሃን» አለ፤ ሳይቆምም ቀጠለ፤ «ቢተው፣ ላቀው፣ ጓንጉል፣ ድረስ።»