ባለቤት ያጣው ፋይል

የክሊኒኩ ፕሮግራም አንድ ፎልደር ውስጥ ያገኘውን የኮድ ፋይል ሁሉ፣ ማን ጻፈው ብሎ ሳይጠይቅ፣ በየጠዋቱ ጭኖ ያስነሳል። አዲሷ ፕሮግራመር ፎልደሩን ስትፈትሽ ማንም «የኔ ነው» ያላለው ፋይል አገኘች። ወደ አንድ ስልክ ብቻ መልእክት ይልካል፤ ጽሑፉ ግን እንዳይነበብ ተቆልፏል። የታካሚዎች ምስጢር እየወጣ ነው ብላ ጠረጠረች። ፋይሉን ከፎልደሩ አወጣችውና በማግስቱ ወደ ቁጥሩ ደወለች።

«ከክሊኒኩ ነው። መልእክት የሚልክልዎት ማን ነው?» አለች ኮስተር ብላ።

«ልጄ ይበልጣል ነዋ! እናንተው ጋ አይደል የሚሠራው?» አሉ አንዲት አሮጊት። «ድምፁን ከሰማሁ ቆየሁ፤ ግን ጠዋት ጠዋት ‹ደህና ነኝ እማዬ› ይለኛል። ዛሬ ቀረብኝ። አሞት ነው እንዴ?»

ፕሮግራመሯ በይበልጣል ቦታ የተቀጠረችው እሱ በመሞቱ ነበር፤ እናቱን ግን ያረዳቸው የለም።

«ደህና ነው፣ እማማ» አለችና ፋይሉን ወደ ቦታው መለሰችው።